የእርጉዝ ጡት

የካቲት 21 ቀን 1975፣ ሰኞ

ዛሬም ያው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ታይፑን ሸፍኜ ሮጥኩ። አዲሱ ገበያ ካለው መጋዘናችን እስከ ቀጨኔ ቤታችን ሃያ ደቂቃ፣ ለማጥባት ሃያ ደቂቃ፣ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ። የምሳ እረፍታችን አንድ ሰዓት ስለሆነ ነገሩ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ምሳ የምትባለው ነገር ብቻ ናት ቦታ ያጣችው።

ሙሉእመቤት፣ ሙሉዬ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስድስት ወር ትሞላለች። ገና ከበሩ ስገባ ድምፄን ታውቃለች፣ እግሯን ታወራጫለች። ዛሬ ግን ትንሽ ጠባችና ለቀቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ያዘች፣ እንደገና ለቀቀች። የባሌ እናት እማማ አፀደ ምን ሆነች አሉኝ። ሞቋት ይሆናል አልኳቸው። ቤቱ ውስጥ እኔ ራሴ ሹራብ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ።

ቀሚሴን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። ሁለተኛው መርፌ ቁልፍ ነው። አጠገቤ የምትሠራው ደራርቱ፣ "አንቺ ልጅ ወልደሻል ወይስ ራስሽ ልትወለጂ ነው እንዲህ የምታንሺው?" አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ወገቤን ስነካ ዋልኩ።

ቀን የሰው ቃል ስመታ እውላለሁ። የራሴን ደግሞ እዚህ በእጄ እጽፋለሁ። ያም ሲመቸኝ።

የካቲት 25፣ ዓርብ

ዛሬ ወደቅሁ። ማለቴ... አልወደቅሁም፣ ግድግዳ ያዝኩ። ከቤት ስመለስ የመጋዘኑን ደረጃ ግማሽ ወጥቼ ዓይኔ ጨለመ። ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። እማማ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው እስከ ዘጠኝ ሲቆዩ እኔ በሃያ ሰባት ዓመቴ ስድስት ሰዓት ላይ ልበላ? ያሳፍራል።

ቀጥሎ ቢጫ ውሃ አስመለሰኝ። ደራርቱ ፊቴን አጠበችኝ። ሻሼን ስታስተካክልልኝ እጇ ላይ ፀጉር ቀረ፣ ጭብጥ ሙሉ። አየችው። አየሁት። 

ወደ ታይፑ ተመልሼ "ለጓድ ጓድ ሥራ አስኪያጅ" ብዬ መታሁ፣ ጓድ ሁለቴ። ኃላፊያችን አክብሮት የጨመርኩ መስሎት ሳያርም ፈረመበት።

የካቲት 27፣ እሑድ

ሙሉን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ባሌ ቦጋለ ቀበሌ ስብሰባ ሲሄድ እማማ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አበባሽን አይተሻል ወይ አሉ። ከወለድኩ አላየሁም አልኩ። የሚያስመልስሽስ ከመቼ ጀምሮ ነው? አሁን አሁን... አልኩ። ጣታቸውን በጣታቸው ቆጠሩ። ምን እንደሚቆጥሩ ገባኝ።

"ውቤ፣ አርግዘሻል" አሉኝ።

የሙሉ ተቅማጥም ከዚሁ ነው ይላሉ። የእርጉዝ ጡት የውስጠኛው ነው፤ የውጪኛው ከጠባው ያቃጥለዋል። ዛሬ ነገ ሳልል ጡት ማስጣል አለብኝ። በዓይናቸው ያዩት ነገር እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። እናቴም እንዲሁ ስትል ነው ያደግሁት። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፣ የእንቁራሪት ሆድ ቀድጄ አይቻለሁ። ስለ ራሴ ሆድ የማውቀው ግን እማማ የሚያውቁትን ነው።

የካቲት 28

ለቦጋለ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ፈራ፣ ከዚያ "አንቺ እንዳልሽ" አለ። ምን እንዳልኩ እኔም አላውቅ።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ሁዳዴ ዛሬ ገባ። ሙሉም ከጡት፣ እኔም ከእህል።

ሬቱን እማማ ቆርጠው አመጡት። እናትየው ራሷ ካልቀባችው አይሆንም አሉና ቅጠሉን በእጄ ሰጡኝ። ፈሳሹ ያዳልጣል፣ ጣቴ ላይ ቀርቶ ስቀምሰው ጉሮሮዬ ድረስ መረረኝ። ቀባሁት። ሁለቱንም።

ሙሉ እየሳቀች መጣች። አፏን ሞልታ ያዘች... ምላሷን አወጣች። ጡቱን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችኝ። ከዚያ እንደገና ሞከረች። ያ ነው ያቃጠለኝ፣ እንደገና መሞከሯ። የተሳሳተ ነገር ነው፣ አሁን ይስተካከላል ብላ ነው። በሦስተኛው ፊቷን አዞረች።

እማማ ወስደው አዘሏት። እኔ ጓዳ ገብቼ ጡቴን ሳላጥብ ብዙ ቆየሁ። ክፉ ሥራ የሠራሁ ያህል ተሰማኝ። ለእሷ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የማላውቀው ልጅ ሆዴ ውስጥ አለ ይሉኛል፣ የማውቃት ልጄ ደግሞ በር ላይ ታለቅሳለች።

መጋቢት 8፣ ሐሙስ

ጡቴ አላበጠም። ደራርቱ ልጇን ስታስጥል ሦስት ቀን አተኩሷት፣ ሸሚዟ ርሶ፣ ክንዷን ማንሳት አቅቷት እንደነበር አጫወተችኝ። የእኔስ? አንድ ቀን ከበደኝ፣ ከዚያ ምንም። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አሉ" ብዬ ቀለድኩ። እሷ አልሳቀችም። ለመሆኑ ከመጀመሪያውስ ወተት ነበረሽ ወይ አለችኝ።

ጥያቄው ከልቤ አልወጣም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ... ስታለቅስ፣ ስትለቅ፣ ስትይዝ የነበረው ሞቋት አልነበረም።

መጋቢት 14፣ ረቡዕ

ጽሑፌ ለራሴም አይነበብም።

ጡጦው አልተስማማትም። ከሰኞ ጀምሮ ያስቀምጣታል፣ ትናንት ስምንት ጊዜ። ዛሬ ጠዋት ስታለቅስ እንባ የላትም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ለሥራ እንኳ ሳልናገር አዝዬ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

ሲስተሯ ሾዴ ትባላለች። አጠር ያለች፣ የእንጦጦ ማዶ ሰው፣ ስትናገር አትቸኩልም። ሙሉን ልብሷን አስወልቃ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት። አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ። ካርዷን አየች። የዛሬ ወር ስድስት ተኩል ነበረች። የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ እንዴት እንደምሰጣት እያሳየች ራሷ ትሰጣት ጀመር። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሙሉ ሽንቷን ስትሸና ጨርቁን ነክታ ፈገግ አለች፤ እኔ ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ለምን አስጣልሻት? አርግዤ፣ አልኩ። ማን አለሽ? የባሌ እናት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። ሽንቴን ተቀበለችና ነገ ነይ አለችኝ። ጡጦውን ጥለሽ በሲኒና በማንኪያ አጠጪያት ብላ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

እርግዝና የለም።

ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። የለም፣ አለች ሲስተር ሾዴ፣ ሆዴንም ዳስሳ አየች። ታዲያ አበባዬስ? ልጅ ስትጠባ ከእናትየው ጭንቅላት ሆርሞን የሚባል መልእክት በደም ይወርዳል፤ ወተት ሥሩ፣ እንቁላሉን ያዙት ይላል። ለዚህ ነው ብዙ አጥቢ አበባዋን የማታየው፣ ያውም የተጎዳች ከሆነች ይበልጥ ይዘገያል። እኔ በራሴ ቋንቋ ተረዳሁት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር ወርዷል፦ ወተት ይቀጥል፣ አበባ ላልተወሰነ ጊዜ ታግዷል። ማዞሩና ማስመለሱስ? እሱ የባዶ ሆድ ነው፣ አለች።

ከዚያ ብዕሯን አነሳች። "ትናንት ምን በላሽ? ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ።"

ጠዋት ምንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ በግማሽ እንጀራ። ማታ ሁሉን አቅርቤ፣ ውሃ አድርሼ፣ ስቀመጥ ከትሪው ዳር የተረፈውን። የጻፈችው አንድ መስመር አልሞላም። ትናንት ጾም ነው አልኳት። እሺ ቅበላ የነበረ ጊዜስ፣ የፍስክ ቀን ምሳሽስ? ለማጥባት እሮጣለሁ፣ አልኩ።

"ታዲያ ምሳሽን ማን በላው?"

"ሙሉ በላችው።"

"እሷም አልበላችውም እኮ" አለችኝ።

 ሰውነትሽ ለልጁ ሲል ሞኝ ነው አለች፤ መጀመሪያ ከሥጋሽ ቆርሶ ይሰጣል፣ አንቺ ስታልቂ ግን እሱም የሚሰጠው ያጣል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ካልጠባችሽ ጡቱ ፈላጊ የለኝም ብሎ ይተወዋል። ሊመለስ ይችላል? ይችላል፣ ግን ቃል አልገባልሽም። በየሁለት ሰዓቱ አስጠጊያት፣ ብትጠባም ባትጠባም። ብዪ፣ ጠጪ። ወደፊት ስታስጥያትም ምግብሽን ወዲያው እንዳትቀንሺ፣ የተወሰደብሽን ለመሙላት ሰውነትሽ ወራት ይፈልጋል። እስከ ማክሰኞ የሚያቆይ የሐኪም ፈቃድ ጻፈችልኝ።

በራሴ እጅ ነው የቀባሁት። ለሌለ ልጅ ብዬ።

መጋቢት 16፣ ዓርብ

አልያዘችም። ጡቴን በሳሙና አጠብኩ፣ በለብታ ውሃ አጠብኩ፣ ማር ቀባሁ። ገና ስትጠጋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ታለቅሳለች። እንዴት ታምነኝ?

እማማ ማሩን ሲያዩ ሙሉን ከጭኔ ነጠቁኝ። አዎ ነጠቁኝ፣ እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው። በሕይወታቸው እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

"ልትገድያት ነው?"

"ተመርምሬያለሁ እማማ። የለም ተብያለሁ።"

"ሽንት ስለ ማሕፀን ምን ያውቃል።"

ልጅቷን አቅፈው ደጅ ወጡ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ስጽፈው ግን ቁጣ አይደለም የማየው። ፍርሃት ነው። ምን ያህል ቢያዩ ነው እንዲህ የሚፈሩት?

መጋቢት 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ጠበቅኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው፣ እስከ ሬቱ። ሁዳዴን ለመግደፍ ፈቃድ እንዲሰጡኝ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ሌላ ጠየቁኝ። "ለመሆኑ የምታጠባ ሴት ጹሚ ያለሽ ማን ነው?"

አሰብኩ። እማማ አላሉኝም። ቦጋለ አላለኝም። ማንም፣ አልኩ። ሁሉ ሰው ሲጾም እኔ...

"ታዲያ ሕፃኗ ናት ስትጾምልሽ የከረመችው" አሉ።

ቀኖና ሰጡኝ። ሰው ስግደት ይታዘዛል፣ እኔ የታዘዝኩት ጠዋት ሳልበላ ከቤት እንዳልወጣ ነው። የቀጨኔን ዳገት ስወጣ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው እንባዬ ተከተለው። ኩራት ነበር እንግዲህ። ጾም ብዬ የያዝኩት ግማሹ አልችልም ማለትን መጥላት ነው። "አልራበኝም" የምትለዋ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጌጤ ናት።

መጋቢት 19፣ ሰኞ

እንቁላል ጠበስኩ። በሁዳዴ፣ በሚጾም ቤት። ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄደ። እማማ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። ቆሜ በላሁ፣ እያለቀስኩ። ሁሉ ሲጾም መብላት ከመጾም ይከብዳል፤ ይህን የሚያውቅ የበላ ብቻ ነው።

ቦጋለ ማታ ሲመጣ የእናቱን ዝምታና የእኔን ዓይን አየ። ጎሚስታ ነው፣ የሚያውቀው ጎማ ነው። "እማዬ፣ ነፋስ ያነሰው ጎማ ሲነዱት ራሱን ይበላል። ይቺን ልጅ እኮ በባዶ ነው የነዳናት" አላቸው። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔ ግን ከሦስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ይቺን ንግግሩን ለብቻዋ ወደድኳት።

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

ያዘች!

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እማማ ወደ ወፍጮ ወጥተው። ሙሉ በሲኒ ጠጥታ ጭኔ ላይ አሸለበች። ሲስተር ሾዴ በእንቅልፍ ልቧ ሞክሪያት ብላኝ ነበር። ቀስ ብዬ አስጠጋኋት። አፏ ፈለገ... ያዘ። ዓይኗን ሳትገልጥ ሳበች። ወተት እንደሌለ አውቃለሁ። እሷም ሳታውቅ አትቀርም። ግን ሳበች። ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እግሬ ደንዝዞ እስኪጠፋኝ።

ነገ ሥራ ነው። እንዴት ነው በየሁለት ሰዓቱ የማጠባት?

መጋቢት 22፣ ሐሙስ

ቦጋለ ዘዴ ፈጠረ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሉን ራሱ ታቅፎ መጋዘን ድረስ አመጣት። እኔ አልሮጥም፤ ቁጭ ብዬ አጠባለሁ፣ ያንኑ ጊዜ ደግሞ ምሳዬን እበላለሁ። ጠዋትና ማታ ደግሞ በተቻለኝ ሁሉ። ጎማ ያጠቆረው እጁ ነጭ ፎጣዋ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ለታ፣ ዘበኛችን፣ በር ላይ አስቁሞ "ጓድ፣ ይኼ ዕቃ መግቢያ ወረቀት አለው?" ብሎት ግቢው ሁሉ ሳቀ።

ይሄ ሳቅ ማታ እማማ ጆሮ ደርሷል። ወንድ ልጄ ሕፃን ታቅፎ የገበያ መሳቂያ አይሆንም፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የማደርሳት አሉ። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም፣ የሚደረገውን ሁሉ እያወቁ። እሺ ሳይሉ እሺ እንደማለት ነው። 

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ፣ መድኃኔ ዓለም

ንግሥ። የቀጨኔ መንገድ በነጠላ ነጭ ሆኗል። እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ነኝ፣ እማማ ከሌሊት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።

ሲመለሱ ሙሉ ጡቴ ላይ ናት። ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቆሙ። ሙሉ ለአፍታ ለቀቀችና አገጯ ላይ ነጭ ነገር ወረደ። አንዲት ጠብታ። እማማ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጠረጉላት፣ ጣታቸውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት።

"ተመለሰ" አሉ። ከዚያ እስከ ማታ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ሚያዝያ 2፣ እሑድ

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ቦጋለ ስብሰባ ሄዷል። ጎመን እየቀነጠስን ነበር። እማማ ቀና ሳይሉ ጀመሩ። ከቦጋለ በፊት ልጅ ነበራቸው። አጥናፉ። ቦጋለ እንኳ አያውቅም። ጣልያን አዲስ አበባ የገባ ዓመት ነው፣ ባላቸው ዘምቷል፣ እሳቸው ከአማታቸው ጋር። የሚበላ የለም። የተገኘችው ቆሎ ለአማትየው፣ ለእሳቸው ቅጠል። አጥናፉ ስምንት ወሩ ነበር፣ ዳዴ ጀምሯል። አበባቸው አልመጣም፣ ያስመልሳቸዋል፣ ያዞራቸዋል። አማትየው አረገዝሽ አሉ።

"ሬት ቀባሁ" አሉ እማማ። "ወር አልቆየልኝም።"

እጄ ጎመኑ ላይ ቀረ። ጽንሱስ? ብዬ ጠየቅሁ፣ ባልጠይቅ ይሻል ነበር።

"ወጣ ብለን ነበር። ደም አላየሁም። ግን ወጣ ብለን ነበር።"

ከዚያ ያንን ነገሩኝ። አማትየው አስጥዪ ባሏቸው ቀን አልጨከኑም፤ ሦስት ቀን ተደብቀው አጥብተውታል። እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያች ሦስት ቀን ነው ገደልኩት ብለው የኖሩት። አዘግይቼ። ሰው በሞተበት ሁሉ የሚያለቅሱት ለእሱ ነበር። ለዚህ ነው ሙሉን የነጠቁኝ።

"ያ ሆርሞን የምትይው" አሉኝ፣ ቃሉን እየተጠነቀቁ፣ "ያኔም ነበር?"

ምን ልበል? አላውቅም እማማ፣ አልኩ። ዋሸሁ። ወይስ አልዋሸሁም? እኔ ምን አውቃለሁ። እሳቸው ግን መልሱን ከፊቴ አንብበውታል። ጎመኑን ቀንጥሰን ጨረስን።

እኔ በሦስት ሳምንት የተመለሰልኝን እሳቸው አርባ ሰባት ዓመት ተሸክመውታል። እኔ አድኜ እሳቸውን አቆሰልኩ ማለት ነው? ሲስተር ሾዴን ባልሰማ ኖሮ ሙሉ ትጎዳ ነበር፣ እማማ ግን እንደ ድሮው ይኖሩ ነበር። አይ... ይሄ ሐሳብ አይረባም።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

የሚዛን ቀን። እማማ እኔም እሄዳለሁ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ሙሉ ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ። ሲስተር ሾዴ ካርዱ ላይ ነጥቡን አድርጋ ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር ለእማማ አሳየቻቸው። እማማ መስመሩን አላዩም። ስለ አጥናፉ ነገሯት። ቆመው፣ ከወረፋው ፊት፣ ምንም ሳይደብቁ። መጨረሻ ላይ፣ "በከንቱ ነው ያስጣልኩት?" አሏት።

ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ ወንበሩ ጠቁማ አስቀመጠቻቸው፣ እሷ ቆመች።

"እናቴ፣ ያን ጊዜ የሆነውን እኔ ዛሬ ልፈርድ አልችልም። ጽንስ ኖሮም ይሆናል፣ ሳይኖርም ይሆናል። ሦስቱ ቀን ግን አልገደለውም፣ የእርጉዝ ጡት መርዝ አይደለም። ሌላም አንድ የማውቀው አለ። ርቦዎት ነበር።"

"እኔን?"

"እርስዎን።"

ስንመለስ እማማ ዳገቱ መሐል ቆሙ። ደክሟቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። ወደ እኔ አላዩም።

"ርቦኝ ነበር እንዴ?" አሉ፣ ለራሳቸው።

ሚያዝያ 15፣ ቅዳሜ

እማማ ትናንት የአጥናፉን ስም ለቦጋለ ነገሩት። ዛሬ ሥራ አልገባም። እናትና ልጅ ቁጭ ብለው ዋሉ፣ ብዙም ሳያወሩ።

ሚያዝያ 30፣ ፋሲካ

ጾሙ ተፈታ። ቤቱ ሁሉ እኩል በላ። የመርፌ ቁልፉን አንዱን ፈታሁት።

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

ፀጉሬ አሁንም ይረግፋል፣ ሲስተር ሾዴ ግን አትደንግጪ፣ ከወሊድ በኋላ የብዙ ሴት ፀጉር ይረግፋል፣ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል አለችኝ። ማዞሩ ጠፍቷል። ደረጃውን ግድግዳ ሳልይዝ ወጣሁ። ትናንት ተሳድቤ ነበር፣ ኃላፊያችን ላይ። ማለቴ በልቤ። ጉልበት ሲመጣ ንዴትም ይመጣል ለካ፣ ናፍቆኝ ነበር።

ወተቴ ድሮ እንደነበረው ነው አልልም። ሙሉ ምጥን ገንፎ ትበላለች፣ በሲኒ ትጠጣለች፣ ከዚያ እኔ ጋ ትመጣለች። ስትመጣ እየሳቀች ነው። ሌላ አልፈልግም።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ረቡዕ ነው፣ ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እማማ ሙሉን አዝለው ደረሱ። ለታ በርጩማ አወጣላቸው። ሙሉ ጠባች፣ ሰባት ኪሎ ሆናለች፣ ክንዴን ታደክመዋለች። በሌላ እጄ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ፣ ምስር ወጥና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። እንደ ወትሮው ይብሉ እማማ አልኳቸው። ወትሮ የሚሉትን አውቃለሁ፦ ቤት ቀምሻለሁ። ቤት ሲቀምሱ አይቻቸው አላውቅም። ቦጋለ ይበላል፣ እኔ እበላለሁ፣ እንግዳ ይበላል፣ እሳቸው ሁልጊዜ ቀምሰዋል።

ዛሬ ግን ያንን አላሉም። እንጀራውን አዩት። ደራርቱ ከጎናችን ምሳዋን ትበላለች።

"ርቦኛል" አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም የደነገጡ መሰሉ። ሙሉን ለደራርቱ ሰጥቼ ተነሳሁ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ። ምሳ ዕቃውን ወደ እሳቸው ገፋሁት። እንቁላሉን ከሁለት ሊከፍሉ ሲሉ ሙሉውን ይብሉ አልኳቸው። በሉት። ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እስኪጠግቡ ድረስ።